ካርቦንን ከመርሳ አዳራሽ ስለ ማስወጣት

ዕለቱ ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም.፤ ቦታው የመርሳ አዳራሽ። ጦርነቱ በከተማችን ሲያልፍ በሩን ይዞት ስለሄደ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነበር።

የተገኙ፦ አቶ ሲራክ (ሰብሳቢ)፣ ሐጂ ኡበይደላ (የአገር ሽማግሌ)፣ ወ/ሮ ሉብና (የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ)፣ ካሳዬ (ጸሐፊ፤ ሳይጠየቅ የተመረጠ፣ ድምፅ የሌለው)።

ያልተገኙ፦ አቶ ንጉሴ፤ ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ጄኔሬተር ፍለጋ ውርጌሳ ሄደዋል። ከአምስቱ አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የቆላ ከተሞች አረንጓዴ ጉባኤ በመርሳ ስለሚካሄድ፣ አዳራሹ ለአካባቢ ጥበቃ የሚገባው ቃል።

ሰብሳቢው መብራት ከጠፋ ወራት ስለተቆጠሩ አዳራሹ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑን፣ መስኮቶቹ ስለረገፉ ማቀዝቀዣ እንደማያስፈልገው፣ ነዳጅ ስለሌለም እንግዶች በእግራቸው እንደሚመጡ በኩራት ገለጹ። ሐጂ ኡበይደላ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሳናስበው አረንጓዴ ሆነናላ!» አሉ። በስኬትነት ተመዘገበ።

አጀንዳ 2፦ «አዳራሹ ከካርቦን ነፃ ይሆናል» የሚለው ቃል።

ሰብሳቢው ካርቦን ማለት በደረሰኝ መሀል የሚገባው ሰማያዊ ወረቀት መሆኑን አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወረቀቱ እንዲወገድና ይህ ቃለ ጉባኤ በአራት ቅጂ በእጅ እንዲጻፍ ተወሰነ። ጸሐፊው ተቃወመ። ተቃውሞው እንዳይመዘገብ ተወሰነ።

ወ/ሮ ሉብና ግን ነገሩ ወረቀት ሳይሆን ከከሰል የሚወጣ ጭስ መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢው «ታዲያ ወረቀቱ እጅ የሚያጠቁረው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ለጥንቃቄ ወረቀቱም ከሰሉም እንዲወገዱ ሐሳብ ቀረበ።

በአዳራሹ ያለው ከሰል የወ/ሮ ጽጌ ብቻ ነው። ወ/ሮ ጽጌ ሱቃቸው በጦርነቱ ስለተዘረፈ እዚሁ ሻይ እያፈሉ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ምድጃቸውን ይዘው እንዲወጡ ሲነገራቸው፣ «ልጆቼን ምን ላብላቸው? ንጹሕ አየር?» አሉ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ።

ሐጂ ኡበይደላ፣ «የዓለምን ጭስ ያመጣው ሌላ፣ ተጠያቂዋ ጽጌ! ይኼማ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ተው ልጄ ሲራክ» ቢሉም በሁለት ድምፅ ተሸነፉ። ወ/ሮ ሉብና እጃቸውን ያወጡት በሌላው እጃቸው ሻይ ይዘው ነው።

ወ/ሮ ጽጌ ምድጃውን አወጡ። ተመልሰውም አግዳሚ ወንበሮቹን ማውጣት ጀመሩ። ሰብሳቢው የመንግሥት ንብረት አይነካም ብለው ተቆጡ። ወ/ሮ ጽጌ፣ «የመንግሥቱማ ተጭኖ ሄዷል! እነዚህን ከፍርስራሽ ጣውላ ለቅሜ የመታኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። እውነት ነው፤ የጎበጠ ምስማር በድንጋይ ሲያቃኑ ጸሐፊው አይቷል። ሐጂም ሊነሱ ሲሉ፣ «አንቱ ይቀመጡ፤ የሌሎቹን ነው» አሏቸው።

ስብሰባው በቁም ቀጠለ። ሰብሳቢው ከሐጂ ጎን ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቁ። ሐጂ ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ «ቦታ የለም፣ ልጄ» አሉ።

ውሳኔ፦ እንግዳ አቁሞ ማስተናገድ በወሎ ነውር ስለሆነ፣ የሰብሳቢውም ወገብ ስለታመመ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ወ/ሮ ጽጌ ከነከሰላቸው እንዲመለሱ ይለመኑ ተባለ። ማን ይለምን በሚለው ላይ ስምምነት አልተደረሰም።

ወ/ሮ ጽጌ ከደጅ ሆነው፣ «የሚለምነኝ ወንበር ተሸክሞ ይግባ» በማለታቸው፣ ሰብሳቢው አግዳሚውን በትከሻቸው ይዘው ሲገቡ ስብሰባው ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተጠናቋል።