ሊቀ ምክንያት ሰርካለምና የተቆለፈው የክርስትና መዝገብ

የተበላሸ ነገር ሲስተካከል የሚያዝን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ወር ሙሉ ያኮረፈ ፕሪንተር በድንገት ወረቀት መትፋት ሲጀምር፣ ሌላው «ተመስገን» ብሎ ወደየጉዳዩ ሲበተን፣ ያ ሰው ፊቱን አጥቁሮ እዚያው ይቀራል። «ሠራ እኮ» ትሉታላችሁ። «ለምን ሠራ?» ይላችኋል። እሱም እናንተም ከዚያ በኋላ ሰላም የላችሁም።

የኛዋ ሰርካለም ትባላለች። ላሊበላ ዳር ባለችው ትንሽ ደብራችን እኔ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንድትይዝ የተቀጠረች ናት። በደብር ሊቀ ጠበብት አለ፣ ሊቀ ዲያቆናት አለ። እሷን በአደባባይ «ሊቀ ምክንያት» ብዬ የሾምኳት እኔ ነኝ። ሹመቱን ተቀብላ፣ «ለምን እኔን መረጡ?» ብላ ጠይቃኛለች።

የቢሮአችን በር ለዓመታት በጉልበት እየተገፋ ነበር የሚከፈተው። ሁላችንም ጉልበታችንን አስለምደናል። እሷ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ቀን መሬት ላይ ተንበርክካ ከመቃኑ ሥር አንዲት ጠጠር አወጣች። በሩ ተከፈተ። እኛ አጨበጨብን፤ እሷ ግን ጠጠሯን በእጇ እያገላበጠች «ከየት መጣች?» ስትል ዋለች።

የክርስትና መዝገባችን ዳታቤዝ ከገባ ወዲህ ደግሞ ነገሯ ሁሉ ባሰበት። ይሄ ዳታቤዝ የምንለው ሰርቨር የለው፣ ጠባቂ የለው፤ ከአራት ሺህ በላይ ምእመን አንድ ፋይል ውስጥ ተጣጥፎ እዚያችው ላፕቶፕ ላይ ይኖራል። ኢንተርኔት ቢጠፋ አይገደውም። በኛ አገር ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙን ስከፍት «የተመዘገበ ሰው የለም» አለኝ። አንድም ክርስቲያን የለም። ወሬው ሲወጣ ምሕላ ይያዝ ያሉ ሽማግሌ አልጠፉም። ሰርካለም መጣች።

«ጋሼ ደግሰው፣ ዛሬ ከየት ነው የከፈቱት?»

«ከላፕቶፑ ነዋ፤ ከጋን ውስጥ ልከፍተው ኖሯል?»

«ከላፕቶፑ የቱ ጋ?»

ለካ እኔ እንዲመቸኝ ብዬ ፕሮግራሙን ብቻ ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጬዋለሁ። ፕሮግራሙም መዝገቡን አጠገቡ ሲያጣው፣ ሳያማክረኝ አዲስ ባዶ መዝገብ ሠርቶ አቀረበልኝ። ሰርካለም ትክክለኛውን ከፈተችው፤ አራት ሺሁም ሰው እንደ ተቀመጠ አለ።

«መረጃው አልጠፋም» አለችኝ፤ «የጠፉት እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም አሁን ገብቷችኋል። ዋናው ጉድ ግን የመጣው ባለፈው ጥር፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግሥት ሐሙስ ቀን ነው።

የእህቴ ልጅ ውባንቺ እሁድ ወገል ጤና ከተማ ልትዳር ነው፤ በተክሊል። የሙሽራው አጎት አቶ ደሳለ የክርስትና ምስክር ወረቀቷን ሊወስዱ ቢሮዬ ተቀምጠዋል። ዓርብ ማለዳ በሚወጣው መኪና ይመለሳሉ። የዚያ ደብር ካህናት «የመዝገብ ቁጥር ያለው ወረቀት ካልመጣ ተክሊል የለም» ብለዋል። ድግሱ ተደግሷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። ተክሊሉ ከቀረ እህቴ ከሰው ፊት የምትቆምበት ዓይን የላትም።

ወረቀት የሚያትመውን ፕሮግራም ከፍቼ «አትም» የሚለውን ነካሁ። «መዝገቡ ተቆልፏል» አለኝ። ደገምኩት። ተቆልፏል።

«አጥፍተው ያብሩት» አሉ አቶ ደሳለ። «እኛም ጋ እንደሱ ነው የሚደረገው።»

ጣቴ ማጥፊያው ላይ አርፎ ነበር። «ጋሼ፣ እጅዎን» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ሰርካለም ቁጭ ብላ ፋይሉ ያለበትን ቦታ ከፈተች። ከትልቁ ፋይል ጎን አንዲት ትንሽ ፋይል ተለጥፋ ቆማለች።

«ማን እየጻፈ ነው?»

«ማን ይጽፋል? እኔና አቶ ደሳለ ብቻ ነን፤ እሳቸው እንግዳ ናቸው።»

«ይቺ ትንሿ የምትታየው አንድ ሰው መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ሲነሳ ነው። እስኪጨርስ ሌላ ሰው እንዲጽፍ አይፈቀድም፤ ወረቀት ማተምም የወረቀቱን ቁጥር ስለሚመዘግብ መጻፍ ነው።»

«ታዲያ ትንሿን እናጥፋትና እንገላገል» አሉ አቶ ደሳለ።

ሰርካለም ቀስ ብላ ዞረችባቸው። «አባቴ፣ ሆዱ ተከፍቶ የተኛ በሽተኛ ቢያዩ፣ አልጋው ይፈለጋል ብለው ያነሱታል?»

አቶ ደሳለ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የቆሎ ትምህርት ቤታችን መምህር የኔታ ወልደ ሰንበት በዚሁ ላፕቶፕ ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ጣታቸው ሲጽፉ ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ የድሮው መዝገብ በስብሷል። የኔታ ግማሹን ከተረፈው ቅጠል፣ ግማሹን ከራሳቸው ትውስታ እያወጡ ነበር የሚያስገቡት፤ ከሳቸው በቀር የሚያስታውስ የለም። ማክሰኞ ለት «የእህትህን ልጅም አስገባኋት» ብለውኛል። ከዚያ ለንግሥ ወደ ገነተ ማርያም ሄዱ።

«የኔታ የከፈቱት የታለ?» አለች ሰርካለም፣ ይህንኑ ስነግራት።

«ሸፍኜዋለሁ።»

«በምን?»

ምን ልበላት? በኛ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር ከፍቶት የተነሳውን መጽሐፍ ተማሪ አይዘጋም፤ ጨርቅ ያለብሰዋል። እኔም የኔታ የከፈቱትን አልዘጋሁም። ወደ ታች ዝቅ አድርጌ ከዓይን ሰወርኩት።

ሰርካለም አወጣችው። የሚታየው የመጨረሻው ስም ብቻ ነው፤ ከሥሩ «ያልተመዘገቡ፦ 63» ይላል።

«ብናጠፋው ኖሮስ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ስድሳ ሦስት ሰው ከነክርስትና አባቱ ይሄድ ነበር።»

ወደ ኋላ ገልጦ ለማየትም ሆነ ለመመዝገብ የጻፈውን ሰው ምሥጢር ቁጥር ይጠይቃል። «እንዲህ ያለ ነገር ማን ነው ያስገባው?» ብዬ ተቆጣሁ።

«እኔ» አለች። «በሌላ ሰው ስም እንዳይመዘገብ ብዬ።»

የኔታ ጋ ደወልን። ስልካቸው እዚያው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ጮኸ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የላፕቶፑ ባትሪ አርባ ስድስት ፐርሰንት ይላል፤ ክዳኑ አንዴ ከተከደነ ደግሞ ጠፍቶ ካልሆነ አይነሳም፤ የታወቀ አመሉ ነው።

ሰርካለም ብርሃኑን ቀነሰችው። «እንሂድ» አለች።

ያን ቀን ያየን ሰው እስካሁን ይጠይቀኛል። ሊቀ ምክንያት የተከፈተ ላፕቶፕ በሁለት እጇ ይዛ፣ ነጠላዋን ከላይ ጥላ አድርጋበት በገበያው መሀል ታልፋለች። እኔ ከፊት «ዞር በሉ» እላለሁ። አቶ ደሳለ ከኋላ ይከተላሉ። ሲሚንቶ የጫነ የሾፌሩ የየሻው አይሱዙ ወደ ገነተ ማርያም ሊወጣ ሲል አገኘነው። እኛ ከፊት፣ አቶ ደሳለ ከኋላ ሲሚንቶው ላይ።

«ጉድጓዱን ዝለለው» ትለዋለች ሰርካለም።

«ጉድጓዱ እኮ ነው መንገዱ» ይላል የሻው።

ገነተ ማርያም ስንደርስ ባትሪው አሥራ አራት ፐርሰንት፣ አቶ ደሳለ ደግሞ ከራስ እስከ እግር ነጭ ነበሩ። የኔታን አንድ ግቢ ውስጥ ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘናቸው። ጉልበት ስመን ነገሩን ነገርናቸው።

«ምነው አመጣችሁት?» አሉ። «አልታረመም እኮ።»

«የኔታ፣ ባትሪው እያለቀ ነው። ይመዝግቡትና...»

«ያላረምኩትን? እኔ እንደሱ አልተማርኩም።» መነጽራቸውን ከቆባቸው ሥር አወጡ። «በይ ልጄ፣ አንደኛውን አውጪልኝ።»

አሥራ አንድ ፐርሰንት። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። በሕይወቴ ሁለት ግትር ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲህ በትሕትና ሲተያዩ አይቼ አላውቅም። ሰርካለም እግራቸው ሥር አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ የተመዘገበ በኋላም ይታረማል። ያልተመዘገበ ግን ከጠፋ ምኑ ይታረማል?»

«ስሕተት ቢኖርበትስ?»

«ከነስሕተቱ ይቆየናል። አጠገብዎ ተቀምጬ አንድ በአንድ አሳርምዎታለሁ። እስኪያልቅ አልነሳም።»

«እስኪያልቅ?»

«እስኪያልቅ።»

የኔታ መነጽራቸውን አስተካክለው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ስምንት ፐርሰንት። «ዞር በሉ» አሉን። ምሥጢር ቁጥር ነውና ሁላችንም፣ ሲሚንቶ የለበሱት አቶ ደሳለ ሳይቀሩ፣ ወደ አጥሩ ዞርን። አንድ ጣት ቁልፎቹን አራት ጊዜ ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ የሰርካለም ድምፅ፦ «ሄደች።»

ትንሿ ፋይል ከትልቁ ጎን ጠፍታለች። ስድሳ ሦስቱም ገብተዋል። ላፕቶፑ ብዙም ሳይቆይ ጨለመ፤ ማንም ግድ አልሰጠው።

ወረቀቱን ከተማ ተመልሰን፣ ማታ ማታ ብቻ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አተምነው። ውባንቺ እሁድ ተክሊል ደፋች። ሰርካለም ሠርጉ ላይ አልነበረችም። ቢሮ ውስጥ ከየኔታ ጋር ሃያ ምናምነኛውን ስም እያረመች ነበር። ስድሳ ሦስቱን እስኪጨርሱ አምስት ቀን ፈጀባቸው፤ ሁለት ስሕተት ተገኘ። ፕሮግራሙንም እያንዳንዱ ስም እንደ ተጻፈ ወዲያው እንዲመዘገብ አድርጋ ለወጠችው። የኔታ ይሄን ለውጥ እስካሁን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት።

አቶ ደሳለ ግን ሠርጉ ላይ ከሰርካለም ሌላ ወሬ አላወሩም። የሰሙት የዚያ ደብር ሰዎች በየካቲት ደብዳቤ ላኩ፦ «እንዲህ ያለች ባለሙያ ትዛወርልን ዘንድ፣ ስለ ጠባይዋም ማብራሪያ ይላክልን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።» ከኛ የተሻለ ቤትም ያዘጋጁላታል።

መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ በንጹሕ ኅሊና ጻፍኩ፦ «አንደኛ፣ ዘገምተኛ ናት። ሁለተኛ፣ ትከራከራለች። ሦስተኛ፣ የሠራውን ነገር እንደ ተበላሸ ትቆጥራለች። አራተኛ፣ አለቃዋን ጠፍተዋል ትላለች። ስለዚህ አትጠቅማችሁም።» ማህተም ልመታበት ስል ለጉዳይ ወጣ አልኩና ስመለስ ሊቀ ምክንያት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ታነባለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ዘገምተኛ ያሉት ልክ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ትከራከራለች ላይ ግን ማስረጃ አላያያዙም።»

«ሰርካለም፣ እኔ እኮ...»

«ለምን እንደ ጻፉት ገብቶኛል» አለች። ካወቅኳት ወዲህ ምክንያት ሳትጠይቅ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው።

ብዕሬን አንስታ ከአራተኛው ሥር በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨመረች፦ «አምስተኛ፣ ቦታ መቀየር አትወድም።» ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጋ ወጣች።

ማህተሙን ሁለት ጊዜ መታሁበት።