አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀው ዕጩ

በአገራችን «ሥልጣን አልፈልግም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገና ሁለተኛ ጊዜ አልተጠየቀም ማለት ነው። ሰው ላማ ብዬ አይደለም፤ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

ሶዶ ውስጥ በአንድ የሉተራን ሴሚናሪ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ። ዲሬክተራችን «ጡረታ ሊወጡ ነው» ሲባል ኖሮ ዘንድሮ እውነት ሆነና የተተኪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሉተር በር ላይ ዘጠና አምስት ነጥብ ለጥፎ ዓለምን አናወጠ፤ የእኛ ኮሚቴ የለጠፈው ሦስት ብቻ ነው። ዕጩ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የኮሚቴው አባል ለየትኛውም የአመራር ቦታ አይታጭም። ሦስተኛውን ሳነብ በሰብሳቢው በቄስ ዳና ሳቅሁ። እንደ እኔው ወንበሩን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው፣ ምን ነክቷቸው ሰብሳቢ ሆኑ?

አልዋሻችሁም፣ ወንበሩን እፈልገው ነበር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፤ አሁን ካመለጠኝ አመለጠኝ ነው። ባለቤቴ አስቴርማ ሱፌን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ወገቡን አስሰፍታልኛለች።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ቄስ ዳና «መምህር፣ ኃላፊነቱን ለመቀበል ፈቃደኛ ነዎት?» አሉኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ሰው ቤት ሄዳችሁ ቁርጥ ከነዳጣው ቢቀርብላችሁ ወዲያው ትጎርሳላችሁ? «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። «በሞቴ» ትባላላችሁ። «ኧረ ጠግቤአለሁ» ትላላችሁ። እጃችሁን የምትታጠቡት በሦስተኛው ነው። እኔም ጨዋ ነኝና «ኧረ እኔ አልበቃም፤ ከእኔ የተሻሉ ወንድሞች አሉ» ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ።

የእስክሪብቶ ድምፅ ሰማሁ። «ጌታ ይባርክዎ መምህር፤ ቀጣዩን ይጥሩልን።»

ከእኔ በኋላ የገቡት ሦስት ባልደረቦቼም በየተራ «አልበቃም» ብለው ወጡ። መጨረሻ ላይ ታምራት መጣ። ከገሱባ ሲመጣ መንገዱ አስቸግሮት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ የደረሰ፣ ግሪክኛን በምሕረት ያሳለፍኩት ተማሪዬ ነው። ሲጠየቅ «እሺ፣ ጌታ ይርዳኝ» አለ። አለቀ።

ቄስ ዳናን ስወቅሳቸው መመሪያውን በጣታቸው አሳዩኝ። ማንበቡንስ አንብቤው ነበር፤ ግን «አንድ ጊዜ» የሚባለው ለወረቀት ወግ ይመስለኝ ነበር። ቤት ገብቼ አስቴር ምሳ ስታቀርብ፣ አመል ነውና «አልራበኝም» አልኩ። ሳህኑን አነሳች። «በቃለ ጉባኤ ይያዝልህ?»

ከፋኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ለካ ወንበርም አይገባም! ከእንግዲህ ለቀረበልኝ ሁሉ እሺ ልል ማልኩ።

በሳምንቱ አዲሱ ዲሬክተር ታምራት ቢሮው አስጠራኝ። የምክትሉ ወንበር ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለአንድ ትልቅ ኃላፊነት እርስዎን ነበር ያሰብኩት...»

«እሺ!» አልኩ። አፉን ሳይዘጋ።

ደስ ብሎት መዝገቡ ላይ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ነው የሚሆነውን የነገረኝ። ቄስ ዳና ደክመዋልና፣ ቀጥሎ ምክትሉን የሚመርጠውን የተተኪ ኮሚቴ ሰብሳቢነት እንድረከባቸው ነው።

ስወጣ ቄስ ዳና በረንዳው ላይ ቆመዋል። ፊታቸው እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም። እጄን ጨበጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እርስዎም ሳይጨርሱልዎት ነው እሺ ያሉት?»