ጋሼ ቅጣው ያስጋለቧቸው ሦስት ብሮውዘሮች

ዳኛ የሌለው ከተማ ሊኖር ይችላል፤ አወዳዳሪ የሌለው ግን የለም። አወዳዳሪ ማለት ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው ካየ፣ የትኛው እንደሚበልጥ ሳይበይን ምሳው የማይዋሐደው ሰው ነው። የሁለት ወፍጮ ቤቶችን ዱቄት በጣቱ እያሸ ይፈርዳል። ከአምደወርቅ የሚመጡትን ሚኒባሶች በአቧራቸው ውፍረት ደረጃ ይሰጣል። በቅዳሴ መካከል የሁለት ቀሳውስትን ድምፅ ያወዳድራል፤ ከዚያም ንስሐ ይገባል፤ ፍርዱን ግን አይለውጥም።

ሰቆጣን የደረሷት አወዳዳሪ ክቡር ጋሼ ቅጣው ናቸው። የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አላቸው፤ ትክክለኛ ሥራቸው ግን በብሮውዘሮች ላይ መፍረድ ነው። ብሮውዘር የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ መሆኑን ሰምቶ የማያውቅ ደንበኛ እንኳ መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ ሲወጣ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በፍጥነት የሚያሳየው የትኛው እንደሆነ አውቆ ይወጣል። ጠይቆ አይደለም፤ መውጫውን ስለያዙበት ነው።

መፈተኛውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከአንድ ቀፎ ንቦች እየተመሙ በስክሪኑ ላይ ይበራሉ። ንቦቹ በበዙ ቁጥር ብሮውዘሩ ሁሉንም በየቅጽበቱ እንደ አዲስ መሣል አለበት። ብርቱው በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ይሥላል፣ ንቦቹም እንደ ውኃ ይፈሳሉ። ሲደክመው በስክሪኑ ጥግ ላይ ይህን የሚያሳየው ቁጥር ይወርዳል፣ ንቦቹም ከሠርግ ቤት እንደሚመለስ ሰካራም ይደነቃቀፋሉ። «ንብ ያልቻለ ብሮውዘር ምን ይችላል?» ይላሉ ጋሼ ቅጣው፤ መልስ ግን አይጠብቁም።

በችሎት ላይ የፋብሪካ ስም መጥራት አድልዎ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ለሦስቱ ተወዳዳሪዎች የፈረስ ስም አውጥተውላቸዋል፦ አባ ፈጠነ፣ አባ ረጋ፣ አባ ቆጥብ። ፈረስ ከሆኑ ደግሞ እንደ ፈረስ ይሮጣሉ። ሦስቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ መስኮቶቻቸው ተደራርበው ይለቀቃሉ። መጨረሻ የሚከፈተው አባ ፈጠነ ነው፤ የክብር እንግዳ ቀድሞ አይገባምና። አባ ፈጠነ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የከተማው እኩሌታ በዚህ ፍርድ ብሮውዘሩን ቀይሯል።

የማር ነጋዴው የሐጂ ዘከሪያ ልጅ ሰልማም ከቀየሩት አንዷ ናት። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ የተመለሰች ናት፤ ለአባቷ ሱቅ ንቦች የሚበሩበት ገጽ ሠርታለች። ቅዳሜ በሰቆጣ በሚከፈተው ባዛር፣ ከአዲስ አበባ በሚመጡ ገዢዎች ፊት በአሮጌ ላፕቶፗ ላይ ልታሳየው ነው። ንቦቹ ከተንገዳገዱ ማሩም የተንገዳገደ መስሎ ይታያል። በሐሙስ ልምምድ ደግሞ ተንገዳገዱ። ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ወደ ችሎቱ ሄደች።

«ጋሼ ቅጣው፣ አባ ፈጠነ ንቦቼን ፈጀብኝ።»

«ስሙን በክፉ አታንሺ፣ ልጄ። ንቦችሽ ሰንፈው ይሆናል።»

ኮፒ የምትጠብቀው ወይዘሮ ጥሩሐረግ ሣቀች። «እሳቸው እንደሁ ሲፈርዱ ምሕረት የላቸውም! ባሌንም ከወንድሙ ጋር አወዳድረውት ነበር።»

«ወንድምየው ይበልጣል አላልኩሽም?»

«ብለውኛል፤ በሠርጌ ማግስት!»

ሰልማ አልሣቀችም። ሌሊቱን ስታሰላስለው የነበረ ነገር ነበራት፤ መናገሩ ግን ከበዳት። እኒህ ሰው ከፍርዳቸው ሌላ የሚኮሩበት ነገር የላቸውም። «ጋሼ፣ ዛሬ የክብር እንግዳው አባ ረጋ ይሁንልኝ» አለች። «መጨረሻ እሱን ይክፈቱት።»

በላፕቶፗ ላይ ሦስቱን ለቀው እሱን መጨረሻ ከፈቱት። አባ ረጋ አሸነፈ። ቀጥሎ አባ ቆጥብ መጨረሻ ተከፈተ፤ አባ ቆጥብ አሸነፈ። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ኮፒዋን ረስታ ተጠጋች።

«ኮምፒውተሩ መጨረሻ ተከፍቶ ከፊት ለሚታየው መስኮት ያደላል» አለች ሰልማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሥር የተሸፈነውን ማን ያየዋል ብሎ ይተወዋል።»

«ታዲያ ፈረስ ለብቻው ይሮጣል? ከማን ጋር ሊሽቀዳደም?»

«ፈረስስ የየራሱ ሳንባ አለው፣ ጋሼ። እነዚህ ሦስቱም የሚተነፍሱት በአንድ ሳንባ ነው።»

ጋሼ ቅጣው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር። ሰልማ ምነው አፌን በቆረጠው አለች በልቧ። እሳቸው ግን መነጽሩን መልሰው አደረጉና «ዝጊያቸው» አሉ። «ሁሉንም። አንድ በአንድ ይግቡ።»

አንዱ ሲሮጥ ሌሎቹ ተዘጉ። በመካከል ላፕቶፑ እስኪቀዘቅዝ ተጠበቀ። ጋሼ ቅጣው ፈተናውን ደጋገሙት፣ እንደገናም ደጋገሙት፤ ሰልማ በቃ ብትላቸውም አልሰሟትም። በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ንብ ተሸክሞ ሳይደነቃቀፍ የዘለቀው፣ ለዓመታት የጅራት ቦታ የሰጡት አባ ረጋ ሆነ።

ሰው ሁሉ ቤታቸውን ዘግተው ይሰነብታሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ በፍርዳቸው ወደ አባ ፈጠነ የቀየረውን ሱቅ ሁሉ በየተራ አንኳኩ። «ፍርዱ ተሽሯል! አለካኬ የተሳሳተ ነበር! ያረመችኝም የሐጂ ዘከሪያ ልጅ ናት!» ሲሉ አንገታቸው ቀና ብሎ ነበር፤ የተሸነፈ ሳይሆን ዘውድ የጫነ ሰው ይመስሉ ነበር። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የመጣ፣ ስልክ የሌለው ፍየል ነጋዴ እንኳ መንገድ ላይ ተይዞ ማሻሻያው ተነበበለት። ሰልማ ከአባቷ ሱቅ በር ሆና አየቻቸው። ተምራ በኖረችበት ከተማ ሁሉ ሲሳሳት ዝም የሚል አዋቂ እንጂ ስሕተቱን በአደባባይ ይዞ የሚዞር አላጋጠማትም ነበር።

ቅዳሜ ንቦቹ እንደ ውኃ ፈሰሱ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ገዢ ማሩን ቀምሶ፣ ገጹን አይቶ፣ «ይህንን አዲስ አበባ ነው ያሠራችሁት?» አለ።

«ሰቆጣ ተሠራ፤ ሰቆጣ ተለካ» አለች ሰልማ።

«ጥሩ ነው። ግን ብሮውዘርሽ ዘገምተኛው ነው፤ የኔ ይበልጠዋል።»

እዚህ ላይ አመስግና ማሩን መሸጥ ነበረባት። አባቷም በዓይናቸው ይህንኑ ለመኗት። እሷ ግን ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

«ሌሎቹን ዘግተው ነው የለኩት?»

«ኧረ እኔ አልለካሁም፤ እንዲያው ይመስለኛል።»

«እንዲያው!» አለች። «እንዲያውማ አይሆንም። ላፕቶፕዎን ይዘዋል?»

እንግዳው ግራ ተጋብቶ ቦርሳውን መክፈት ጀመረ። ከኋላ ቆመው የነበሩት ጋሼ ቅጣው ከጎረቤት ድንኳን ወንበር አምጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው፣ ለሰልማ አስጠጉላት።