የዘንድሮ አፍንጫ

አፍንጫ ከስልክ ላይ የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የእህቴ ልጅ ገጥማኛለች፤ እዚሁ ላሊበላ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። አምና የመረጠችው ሹል አፍንጫ ዘንድሮ ፋሽኑ አልፎበታል፤ አሁን የሚፈለገው ጫፉ ቀና ያለው ነው አሉ። አምና የዓመት ፈቃድ ባትከለከል ኖሮ ዛሬ ምን ይውጣት ነበር?

ትናንት ለቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ልትበር ሻንጣዋን ስትዘጋ እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

“ይኼስ ፋሽን ሲያልፍ፣ ልጄ?”

“ይኼ አያልፍም፣ እማዬ።”

እህቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገለጠች። በልጅነቷ እዚህ አቅራቢያ ገነተ ማርያም የተነቀሰችው ንቅሳት እንዳለ ነው።

“ይኼንም አያልፍም ብለውኝ ነበር። ለምርቃትሽ ፎቶ ሸፍኚው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔስ አንገቴን በነጠላ ሸፈንኩት፤ አንቺ አፍንጫሽን በምን ልትሸፍኚው ነው?”