እንግዳ ፊት የማያንኳኳ ሞተር

እኔን ብሎ የመኪና አዋቂ! መሪውን ከጎማው የማልለይ ሴትዮ ምን ጥልቅ አደረገኝ? የልጄ የነስሩ ፒክአፕ ጠዋት ሲነሳ ብረት ምጣድ ላይ ጠጠር የሚቆሉ ይመስል ያንኳኳል። ሲሞቅ ዝም ይላል። ጋራዥ የሚደርሰው ሞቆ ስለሆነ መካኒኩ ሁሌ «ደህና ነው» ይላል። እሸት ቡናችንን ሰቃ ካለው ማሳችን የሚያመጣልን ይሄው መኪና ብቻ ነው፤ ፈራሁ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ መካኒኩ ቤት መጥቶ ሞተሩ ሳይሞቅ ይስማው!» ብዬ በማለዳ አስጠራሁት።

ታዲያ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን የማይጠርግ፣ የልጁን ፊት የማያጥብ አለ? እኔም ነስሩን «እንግዳ ፊት እንዲህ እያንኳኳ ያዋርደናል፤ ቀደም ብለህ አሙቀው» አልኩት። አሞቀው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠና «እማማ፣ ይሄ እኮ እንደ ሰዓት ነው» አለ። ወላሂ፣ ኮራሁ!

በሳምንቱ ሰቃ መንገድ ላይ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ። የዓመት ልፋታችን፣ ያ ቀይ እሸት፣ ጆንያ ውስጥ ሁለት ቀን ታፍኖ ሸተተ። ገዢው አፍንጫውን ይዞ መለሰን። ነስሩ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየኝም።

ጎረቤቴ ሙሚና ልታጽናናኝ መጥታ ይህን ብነግራት ምን አለችኝ? «እርስዎ ሐኪም ፊት ቀርበውም ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ› ብለው ነው የሚመለሱት!»