የተማሪዎቹ አኩፋዳና የእማሆይ ፈንታዬ ጤና

ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህር ምን እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስኪዘጋብኝ ድረስ አስቤው አላውቅም። የሚተኛ፣ ወይ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ባጃጅ ሲቆጥር የሚውል ይመስለኝ ነበር። ኧረ ወዲያ! የዚያን ሰሞን የሠራሁትን ያህል ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሠርቼ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ሥራችን ደግሞ አንዲት አሮጊት ልንገድል ለጥቂት ነው የተረፍነው። እሱን ነው የማጫውታችሁ።

ከአምበር በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ክረምቱ ወጣ ሲል አተት ገባ። ያ አጣዳፊው ተቅማጥና ትውከት ማለቴ ነው። አገሬው ስሙን መጥራት ያፍራል። ራሴን አመመኝ ይባላል፣ ወገቤን ይባላል። ስንት ጊዜ ወደ ጓሮ እንደተመላለሰ ግን ማን ያወራል? ስለዚህ የታመመው ሁሉ ይደብቃል።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እኛ መምህራኑ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከውባለም ጋር ቤት ለቤት እየዞርን እጅ ስለ መታጠብና ውኃ ስለ ማፍላት እንድናስተምር ተባለ። ገበሬው ጨዋ ነው፤ ጸጥ ብሎ ይሰማችኋል። ሲያበቃ "በሉ ግቡና ቅመሱ" ይላል። አሁን በምግብ ይተላለፋል ብላችሁ ስትምሉ ቆይታችሁ እንዴት ትቀምሳላችሁ? እምቢ ካላችሁ ደግሞ ናቁን ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አራት ቤት በላሁ።

ከዚያ በሽታውን ለመከላከል የተቋቋመው የቀበሌው ኮሚቴ ተሰብስቦ ጥፋተኛ አገኘ፤ የቆሎ ተማሪዎቹን። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ጎጆ ቀልሰው ቅኔ የሚማሩ፣ ከየአገሩ የመጡ ጎረምሶች ናቸው። በየቀኑ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ከየአጥሩ ሥር "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ይለምናሉ። "ከቤት ቤት የሚያዛምቱት እነሱ ናቸው፤ ይታገዱ" ተባለ። ታግደውስ ምን ይብሉ? እዚህ ላይ ብድግ አልኩ። ሐሳብ ሲመጣልኝ ዝም ማለት አልችልም፤ የእኔ በሽታ ይኸው ነው። "ትምህርት ቤታችን ባዶውን ተቀምጧል። እህል ይዋጣ፤ ንፍሮ እዚያው ይቀቀል፤ እጃቸውን ታጥበው ይብሉ" አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

የቅኔ መምህሩ የኔታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ተማሪ ሳይለምን ከበላ ትምህርቱ አይሰርጽበትም" አሉኝ።

"እንኪያስ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለምኑ!" አልኳቸው።

እኔ ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው የምር ያዙት። በየቀኑ በእኩለ ቀን ተማሪዎቹ ከበራችን ውጪ ተሰልፈው ይለምናሉ፤ ዘበኛችን ጋሼ አድማሱ ለወጉ ያህል ትንሽ ያስጠብቁና ይከፍቱላቸዋል። አንዱማ ዱላውን ይዞ መጣ። ለምን ቢባል "ለውሻ" አለ። "እዚህ ከእኔ በቀር ማን አለ?" ብለው ጋሼ አድማሱ ተቆጡ። ልጁ ከላይ እስከ ታች አየት አደረጋቸውና ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

እንዲህ እያልን ሳምንት ሞላን። እኔ ደረቴን ነፍቼ እዞራለሁ። አንድ ቀን ደሴ የሚባለው ጎልማሳ ተማሪ ንፍሮውን ሳይነካ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አሞህ ነው ወይ አልኩት። አላመመውም። የእማሆይ ፈንታዬ ድምፅ እንደ ናፈቀው ነገረኝ።

እማሆይ ፈንታዬ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለደሴ አንዲት ቁራሽ ሰጥተውት አያውቁም። "እግዜር ይስጥህ! ደግሞ መጣህ? ያ ቅኔ መቼ ነው የሚያልቀው?" ብለው ነው የሚመልሱት።

"ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?" አልኩት። የእውነት ማወቅ ፈለግሁ።

"መምህር፣ እኔ ካልሄድኩ ማን ይጠራቸዋል?"

ክው አልኩ። ውባለም ዘንድ ሮጬ ሄድኩና እማሆይን ያያቸው ሰው አለ ወይ አልኳት። እሷም ክው አለች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ነገ እንደርሳለን ብለን ትተናቸው ነበር። ስንት ነገ አለፈ!

ውኃው ጎደል ብሎ ነበርና ተሻገርን። ደሴ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም!" አለ። ዝም። ደገመው። አሁንም ዝም። በሩን ገፍተን ገባን። እማሆይ መሬት ላይ ወድቀዋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እንኳን ለመቆጣት ለመተንፈስም አቅም አልነበራቸውም። ውባለም የጨውና የስኳሩን ውህድ በማንኪያ ጠብ እያደረገችላቸው፣ እኛ በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ነበር።

እማሆይ ጤና ጣቢያ ተኝተው ሳለ ሥርዓቱን ገለበጥነው። ተማሪዎቹ ንፍሯቸውን በልተው፣ ባዶ አኩፋዳ ይዘው ይወጣሉ። አጥር አያልፉም፣ ምንም አይቀበሉም፤ ተጣርተው መልስ ብቻ ያዳምጣሉ። የተማሪ ስም መጥሪያ መዝገባችንን ሰጠኋቸው። "እግዜር ይስጥህ" ያለ ቤት ደህና ነው፤ ምልክት ይደረግበታል። ከተቆጣማ በጣም ደህና ነው! ዝም ያለ፣ ወይም ድምፁ የሰለለ ቤት ውባለም ትሄዳለች። ሕመሙን የደበቀ ሁሉ በድምፁ ተያዘ። ለካስ እነዚህ ልጆች የአገሩን ጉሮሮ በሙሉ ያውቁታል!

እማሆይ ድነው ቤታቸው በገቡ ማግስት፣ ደሴ ምን እንደሚባል ለመስማት ጓጉቼ ተከተልኩት። እንደ ልማዱ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ተጣራ። በሩ ተከፈተ። እማሆይ ሙሉ እንጀራ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ ወጡ።

"ና የኔ ልጅ! እንካ፣ ነፍሴን ያተረፍካት!" አሉት።

ደሴ አኩፋዳውን ወርውሮ ወደ ወንዙ ሲሮጥ ብቻ ነው ያየሁት። "ውባለም! ኧረ ውባለም! ቃሬዛ አምጡ! እማሆይ ብሶባቸዋል!"