ለጅብ የተሰናዳ ስኳር

በእኛ ሰፈር ያለ ምክንያት የሚሮጥ ሰው የለም። ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ቀበሌ ሱቅ ሳሙና መጥቷል። እኔ የአራት ልጆች እናት ግን ለሦስተኛ ምክንያት ሮጬ ጉድ ሆንኩላችሁ...

ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ወጣቱ ዶክተር፣ «እናቴ፣ ይጨነቃሉ እንዴ?» አለኝ።

«ልጆቼ የፒያሳን መንገድ ሲሻገሩ ብቻ።»

«በቀን ስንት ጊዜ ይሻገራሉ?»

«ይሻገሩ ይሆናል ብዬ ሳስብስ ይቆጠራል?»

ሰው ሲጨነቅ ገላው ሆርሞን የሚባል ነገር ይረጫል አለኝ። ያ ሆርሞን ጅብ የመጣ ይመስለውና ለሩጫ የሚሆን ስኳር ከጉበት አውጥቶ ደም ውስጥ ያፈሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኔ ገላ ጅቡ ሳይመጣም ይጮኻል! እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ጣፋጭ የሚያሰኘኝም እሱው ነው።

«በሰዓቱ ይብሉ፣ በደንብ ይተኙ፣ በእግርዎ ይሂዱ። በወሩ ካልወረደ በየቀኑ መርፌ ነው።»

መርፌ... ልጆቼ ሲከተቡ እንኳ ራሷን ስታ የምትወድቀው እናታቸው ናት።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ስኳሩ ለሩጫ ከተሰናዳ ለምን አልሮጥበትም? ከዚያ ወዲያ ጭንቀት በመጣ ቁጥር ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ እሸመጥጥ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤቴ በላይነሽ ናት፣ ዘንቢል ይዛ። ከእሷ ኋላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይግተለተላል።

«ምን መጣ ብለሽ ነው?» አለችኝ እያለከለከች።

«ምንም። ለጤናዬ ነው።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ነው ዘይቱን የቀደምሽን።»

አልፈውኝ ሄደው ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰለፉ። ሱቁ ዝግ ነው። እኔም ምንም እንዳልመጣ እያወቅኩ፣ ምናልባት እንዳያመልጠኝ ብዬ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ቆምኩ።

በቀጠሮዬ ቀን መርፌውን እያሰብኩ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ሮጥኩ። ዶክተሩ ትንፋሼ እስኪመለስ አስቀምጦ መረመረኝ።

«ወርዷል፤ መርፌው ቀርቷል። ሩጫውን ግን ቀነስ ያድርጉት፣ ገላም ማረፍ አለበት።»

እየመረቅኩት ስወጣ ኮሪደሩ በዘንቢል ተሞልቷል። በላይነሽ ከሁሉ ፊት ቆማለች።

«ምን እየሰጡ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«መርፌ። ክንድ ላይ የሚወጋ።»

እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች። «ለአንድ ሰው ስንት ስንት ነው?»

«አልጠየቅኩም፤ የእኔን ድርሻ ግን ላንቺ ትቼዋለሁ» አልኳት።